ሳይገለጥ የሚፈረድበት እትም

ኮሚክ የምናነብ ሰዎች ስንገናኝ የምናማርረው ስለ ዋጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዴት በታደልን! ሃያ ገጽ ገደማ ለሆነች ቀጭን እትም አራትና አምስት ዶላር መገፍገፉን እንኳ ለምደነዋል። ያልለመድነው፣ መቼም የምንለምደው የማይመስለኝ፣ ከእትሙ ጋር አብሮ የሚመጣው የፍርድ ጫጫታ ነው። አዳዲስ እትሞች ረቡዕ ሱቅ ይገባሉ፤ ረቡዕ ጠዋት ፍርዱ ተሰጥቶ አልቋል። ከሥራ ወጥቼ ማታ የምገዛው እኔ የምደርሰው ለሰልስቱ ነው።

መጀመሪያ ነጥቡ። ሃያሲው ከአሥር ስምንት ተኩል ይሰጣል። ለምን ስምንት ተኩል? ግማሿ ምን ሠርታ ተገኘች? አይነግራችሁም። ባለፈው ሳምንትም ለሌላ እትም ስምንት ተኩል ሰጥቷል፤ ያንን አንብቤዋለሁ፣ አራትም ይበዛበታል። ሽፋኑ ላይ ቁጥር 1 የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ወዲያው “ታሪክ የሚቀይር” ይባላል። አንባቢው ለመግዛት ላለመግዛት የሚረዳውን ነገር ፈልጎ ሲያነብ፣ የሚያገኘው ታሪኩ ከነመጨረሻው ተተርኮለት ከታች የተለጠፈ ቁጥር ነው።

አብዛኛው የልዕለ ጀግና ታሪክ ለአምስትና ለስድስት ወር ተቆራርጦ እንደሚወጣ ማንም ያውቃል። ግን የመጀመሪያው ክፍል በወጣ ዕለት “ገጸ ባሕርያቱ አልዳበሩም”፣ “ግጭቱ አልተፈታም” የሚል ሂስ ይዥጎደጎዳል። ወገኖቼ፣ ሽንኩርቱ ገና እየተቁላላ ማማሰያውን ልሶ “ወጡ ጨው የለውም” የሚል ሰው እናንተ ቤት ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? ስድስተኛው ክፍል ሲወጣ ደግሞ ያ ሃያሲ የለም፤ ሌላ ቁጥር 1 ይዞ ነጉዷል። ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረን አጥተን ሜዳ ላይ እንቀራለን።

የዚህ ሁሉ ጣጣ እናት የምትሆነዋን እትም ባታነቧት እንኳ ስሟን ሰምታችኋል፦ ሱፐርማን ቁጥር 75፣ ኖቬምበር 1992። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሱፐርማንና ዱምስዴይ የተባለው ፍጥረት ተያይዘው የተገዳደሉባት ናት። ዜናው ኮሚክ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ቤት ሳይቀር ገባ፤ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተቸበቸበ። አሳታሚው ዲሲ ለሰብሳቢዎች ያዘጋጀውን ቅጂ በጥቁር ፕላስቲክ አሸገው፤ ላዩ ላይ ደም የሚንጠባጠብ የሱፐርማን ዓርማ አተመበት፤ ውስጡ ደግሞ ለሐዘን ክንድ ላይ የሚታሰር ጥቁር ጨርቅ ጨመረበት። ሬሳውን ከነከሉ መሸጥ ይሏል ይሄ ነው! እስከዚህ እንኳ ያስቃል። የማያስቀው ቀጥሎ የመጣው ነው። ፕላስቲኩ ከተቀደደ ዋጋው ይወርዳል ተባለ። እና ሰው ሁለት ሦስት ቅጂ እየገዛ፣ አንዱንም ሳይከፍት፣ ነገ ሀብት ይሆነኛል ብሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈው። አገር ሙሉ ስለ እትሙ ያወራል፤ እትሙ እንደታሸገ ነው! ስድስት ሚሊዮን ቅጂ ያለው ነገር እንዴት ሆኖ ብርቅ እንደሚሆን የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም። ሱፐርማን በማግስቱ ዓመት ተነሣ፤ የታሸጉት ቅጂዎች ዋጋ ግን እንደ እሱ አልተነሣም። ገበያው በዘጠናዎቹ አጋማሽ ተንኮታኮተ፤ በዚህች በአንዲት እትም ሳቢያ ነው ባልልም፣ ተፎካካሪው ማርቭል በ1996 መጨረሻ የኪሳራ ማመልከቻ እስከማስገባት ደረሰ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። እትሟ ራሷ የሚነገርላት ነገር ነበራት። ከእሷ በፊት በወጡት የታሪኩ ክፍሎች መጀመሪያ በየገጹ አራት ሥዕል ነበር፤ ቀጥሎ ሦስት፤ ቀጥሎ ሁለት። ቁጥር 75 ላይ ሲደረስ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ሥዕል ብቻ ሆነ። ሞቱ በቀረበ ቁጥር ሥዕሉ እየገዘፈ፣ አንባቢው ገጹን የሚገልጥበት ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል። ዳን ጁርገንስ ጻፈው፣ በእርሳስም ነደፈው፤ ብሬት ብሪዲንግ ሥዕሉን አጠናቀቀው። ይህን ቆጠራ አይቶ “ብልጭልጭ ብቻ ነው፣ በአምስት ደቂቃ አለቀብኝ” ብሎ የሚራገም ሰው ቢመጣ አቅፌ እስመው ነበር፤ ቢያንስ ገልጦታል። የሰማነው ሙግት ግን በአብዛኛው ስለ ፕላስቲኩ፣ ስለ ሰልፉና ስለ አሳታሚው ስግብግብነት ነበር።

ያኔ በፕላስቲኩ አሳበብን። አሁንስ? ሜይ 2016 ላይ “ካፒቴን አሜሪካ፦ ስቲቭ ሮጀርስ” ቁጥር 1 ሲወጣ ማንም አላሸገውም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ጀግናው የሃይድራ፣ ማለትም ከናዚዎች ጋር ሲሞዳሞድ የኖረው ድርጅት፣ ሰው ሆኖ ብቅ አለ። ያቺ አንዲት ገጽ ብቻዋን ተገንጥላ ዓለምን ዞረች። ቁጣው ከመሬት የተነሣ ነው አልልም። ገጸ ባሕርዩን ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ የተባሉ ሁለት አይሁድ ወጣቶች ፈጥረው፣ በ1941 የመጀመሪያው ሽፋን ላይ ሒትለርን በቡጢ ሲነርተው አሳይተዋል። የሚቆጣ ሰው አለው ምክንያት። ግን ከተቆጡት ስንቶቹ ከዚያች ገጽ በፊት ያሉትን ገጾች አይተዋል? ደራሲው ኒክ ስፔንሰር የግድያ ዛቻ እስኪደርሰው ተደረሰ። በሚቀጥለው ወር ቁጥር 2 ወጣና ነገሩን አፍረጠረጠው፤ ሬድ ስከል የተባለው ጠላቱ ኮቢክ በምትባል ተአምረኛ ሕፃን አማካይነት ያለፈ ሕይወቱን እንደገና አስጽፎበት ኖሯል። እኔ በበኩሌ ማብራሪያው አልጣመኝም፤ ከእንቆቅልሹ መልሱ ቀለለብኝ። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያከራክረኝ ሰው ስፈልግ ግን ያ ሁሉ ተቆጪ ተበትኗል።

ድሮ ፍርዱ ሃምሳ ሳንቲም ያስከፍል ነበር። በ1988 ዲሲ የባትማን ረዳት የሆነው ሁለተኛው ሮቢን፣ ጄሰን ቶድ፣ ይሙት ወይስ ይዳን ብሎ ሁለት የስልክ ቁጥር አወጣ። 5,343 ይሙት፣ 5,271 ይዳን። በ72 ድምፅ ልጁን ገደሉት፤ ኋላ ወቀሳው ዲሲ ላይ ወረደ። ጭካኔ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከፍለው፣ ደውለው፣ የቀደመውን ክፍል አንብበው ነው የገደሉት።

ደግሞ ሌላ አለ። በ2018 ባትማን ቁጥር 50 ላይ ባትማንና ካትዉማን ሊጋቡ ነው ተብሎ ወራት ሙሉ ተለፈፈ። ሱቆች በእኩለ ሌሊት የሠርግ ድግስ አሰናዱ። እትሙ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ኒውዮርክ ታይምስ መጨረሻውን ዘረገፈው፦ ሙሽሪት አትመጣም። እኛ ባገራችን ሠርግ ሲፈርስ እንኳ ለድግሱ የተጠራው እንግዳ ከጋዜጣ አይሰማም። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ሂስ አንብቡት፤ ግማሹ ስለ ጋዜጣው ነው። ደራሲው ቶም ኪንግ ሙሽሮቹ የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች እንዴት እንዳፈራረቀ፣ በየመሐሉ የገቡት እንግዳ ሠዓልያን ትረካውን አደመቁት ወይስ አጓተቱት የሚለው ጥያቄ በጫጫታው ተዋጠ። አጓትተውታል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ። የሚጠይቀኝ የለም እንጂ፤ ዘመድ አዝማድማ “በዚህ ዕድሜህ የልጅ ሥዕል?” ብሎ ገና ድሮ ተገላግሎኛል።

ሥዕሉንስ ማን ያነሣዋል? ስለ ታሪኩ ሰባት አንቀጽ የጻፈ ሃያሲ መጨረሻ ላይ ትዝ ሲለው “ሥዕሉም ያምራል” ብሎ ይዘጋል። ኮሚክ እኮ ነው! ቀለም የቀባው፣ ፊደሉን የጻፈው ጭራሽ አይታወሱም። የ1973ቱን የስፓይደርማን ቁጥር 121 ተመልከቱ። ፍቅረኛው ግዌን ስቴሲ ከድልድይ ላይ ትወረወራለች፤ ስፓይደርማን በድሩ እግሯን ይይዛታል፤ አንገቷ አጠገብ አንዲት ትንሽ የስብራት ድምፅ ተጽፋለች። የገደላት ጠላቱ ነው ወይስ ራሱ አዳኟ? ማርቭል በቁጥር 125 የአንባብያን ደብዳቤ ገጽ ላይ የገደላት የድንገተኛው መቆም ንዝረት ነው ብሎ እስኪመልስ ድረስ አጨቃጨቀ፤ እስከ ዛሬም ያጨቃጭቃል። ደራሲው ጄሪ ኮንዌይ ሲመሰገንም ሲረገምም ኖሯል፤ ሠዓሊው ጊል ኬንም ከስንት አንዴ ይጠራል። ይህን ሁሉ ሙግት ያስነሣችው ግን በጣት ልትሸፈን የምትችል ጽሑፍ ናት። የእትሙ ፊደል ጻፊ አርቲ ሲሜክ ይባላል። ስሙ እትሙ ላይ ታትሟል፤ ማን ያንብበው!