ማሰሮዋ የተከሰሰችበት ቀን

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚያየው በኦቾሎ አለት ላይ የቤት ዕቃዎች በጋሞዎች ሸንጎ፣ በዱቡሻ፣ ተቀመጡ። ሀላቃው፣ የሸንጎው ሹም፣ ጋን ነበር፤ ከሳሹም እሱ።

«162 ግራም የበቆሎ ስታርች ከብቅል ጋር ወደ ሆዴ ገባ። ከማሰሮዋ የወጣው አልኮል 47 ግራም ብቻ ነው። አረቄ የምታወጣው እሷ፤ 115ቱን የበላችውም እሷ!»

ስኳሩን የሚያብላላው እንስራ አንገቱን ደፋ። ማሰሮዋ ከሸንጎው ክብ ውጭ ቆማለች። የጋሞ ሸክላ ሠሪዎች፣ ማናዎቹ፣ ለዘመናት ከዱቡሻ ተገልለው ኖረዋል፤ እሷም የሠሯትን ሰዎች ቦታ ወርሳለች። ጋኑ ራሱ ከዚያው ጭቃ፣ በዚያው እጅ መሠራቱን ያነሳ አልነበረም።

ከአለቱ ስንጥቅ አሮጊቷ ሽኮኮ ወጣች።

«አባቴ ሀላቃ፣ መጀመሪያ ነፋስ የወሰደውን ከተሰረቀው እንለይ። 162ቱ ስታርች 18 ግራም ውሃ ጠጥቶ 180 ግራም ስኳር ይሆናል። ስኳሩ ሲብላላ 88ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል፤ ድፍድፉ ላይ የምታዩት አረፋ እሱ ነው። ጠብታ ሳይባክን እንኳ የሚገኘው አልኮል 92 ነው። 47ቱ የሚለካው በ92 ነው፤ የምንፈልገውም 115 ሳይሆን 45 ነው። ለመሆኑ እርስዎ ከ180ው ስኳር ስንቱን አሳለፉ?»

«144! ከመቶ 80። ያስመሰግናል እንጂ ያስወቅሳል?»

እንስራው ከ144ቱ ስኳር 74 ግራም ያህል አልኮል ሊወጣው ሲገባ 59 ሰጥቷል፤ ከመቶ 80። ማሰሮዋም ከ59ኙ 47፤ ከመቶ 80።

«ሁላችሁም 80 ናችሁ» አለች ሽኮኮዋ። «ግን የኋለኛው 80 የሚወጣው ከፊተኛው ትራፊ ነው። 100ው 80፣ 80ው 64፣ 64ቱ 51 ሆነ። እርስዎ ያስቀሩት ስኳር ከ18 ግራም በላይ አልኮል ይወጣው ነበር። የእሷ ጉድለት 12 ነው።»

ይህን ተረት ስነግር የምቆጨው በእንስራው ነው። ከጋኑ የተቀበለውን ልክ ያውቅ ነበር፤ ማሰሮዋ ስትከሰስ ግን አልተነፈሰም።

ዱቡሻው ሲመሽ ፈረደ፦ ከእንግዲህ ሁሉም የተቀበለውንና ያስረከበውን በሸንጎ ይናገር፤ ቆጠራው ከጋኑ ይጀምር፤ ማሰሮዋ ትግባ። ገብታም ከጋኑ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።