ሦስቱ ሞቶች፦ የሞት ምስክር ወረቀት አወጣጥን የሚመለከት መጠነኛ ጥናት

የአዲስ አበባ ነዋሪ ሦስት ጊዜ ይሞታል። መጀመሪያ በሐኪም ወይም በቤተሰቡ ፊት ይሞታል፤ ይህ የግል ሞት ይባላል። ቀጥሎ ጎህ ሳይቀድ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ይሞታል፤ ይህ የሰፈር ሞት ነው። በመጨረሻ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሚያስመዘግብለት ሰው ሲያገኝ በመዝገብ ይሞታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ሌሊት ይጠናቀቃሉ። ሦስተኛው ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያው ድረስ ሰውየው ሐውልታቸው ቢሠራም፣ ሙት ዓመታቸው ደጋግሞ ቢወጣም፣ የመብራት ቆጣሪ በስማቸው የሚነበብ፣ የቤት ግብር በስማቸው የሚከፈል፣ ሙሉ መብት ያላቸው ነዋሪ ናቸው።

ይህ ጥናት የሚመለከተው ሦስተኛውን ሞት ብቻ ነው። በሌሎቹ ሁለቱ ላይ ሐኪሞችና ካህናት የሚሉትን ብለዋል።

በመጀመሪያ ሕጋዊው ዳራ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ አንቀጽ በአንቀጽ ደንግጎ ነበር። ድንጋጌዎቹ ግን ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን ሲጠብቁ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተቀመጡ። ሕዝቡ በበኩሉ አልጠበቀም፤ ተወለደ፣ አገባ፣ ተፋታ፣ ሞተ። በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ወጣ፤ አገር አቀፉ ምዝገባም ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት የሞተ ሰው፣ ማዘጋጃ ቤት በጊዜው ካልደረሰለት በስተቀር፣ በሥራው ቋንቋ «ነባር» ይባላል። በሕይወት ሳሉ በምንም ነገር ነባር ተብለው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ይህን ማዕረግ ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ከነባሩ ሌላ «ወቅታዊ» እና «የዘገየ» የሚባሉ ሞቶች አሉ። ወቅታዊ የሚባለው ሞቱ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ የተመዘገበ ነው። ወቅታዊ ሞት ብርቅ የሆነበትን ምክንያት ለማግኘት ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ለቅሶ ተቀምጦ ማወቅ ይበቃል። ሕጉ 30 ቀን ሰጠ፤ የሐዘንተኛው ሐሳብ ያለው ግን 40ኛው ቀን ላይ ነው። ሠልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አሥራ ሁለት አለ፤ ከዚያ የአርባው በግ፣ የአርባው ጠላ፣ ለአርባው የሚጠራው ሰው ዝርዝር ይመጣል። ይህ ሁሉ ሲመከር 30ኛው ቀን ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል። ሕግ አውጪው 45 ቀን ቢሰጥ ኖሮ ምዝገባው በተዝካሩ ማግስት፣ ዘመድ ሁሉ ከተማ ውስጥ እያለ፣ የተረፈው ዳቦ እየተበላ ይከናወን ነበር።

ቀኑ ብቻም አይደለም። አዋጁ ሞትን የማስታወቅ ግዴታ የጣለው በቅድሚያ ከሟች ጋር አብሮ ይኖር በነበረ ሰው ላይ ነው። አብሮ የኖረው ሰው ደግሞ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። በአምስተኛው ቀን ተነሥቶ ፎልደር በብብቱ ይዞ ወደ ወረዳ ሲሄድ ቢታይ ሰፈሩ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!» በአራተኛው ወር ቢሄድ ጨዋ ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ቢሄድ ደግሞ ለገንዘብ ግድ የሌለው ቅዱስ ሰው። በዚህ አገር የሟች ቤተሰብ ሕግ አክባሪነቱና ጨዋነቱ በአንድ ጊዜ ሊመሰገንለት አይችልም፤ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ሁልጊዜም የሚመርጠውን ይመርጣል።

መንግሥት ሞቶችን የሚመድበው በቀናቸው ነው። ይህ ጥናት በምክንያታቸው መመደብን ይመርጣል፤ ያም በሞቱ ምክንያት ሳይሆን በወረቀቱ ምክንያት። ስለ ሞተ ብቻ የሞት ምስክር ወረቀት የወጣለት ሰው እስካሁን በጥናቱ አልተገኘም።

ሀ. የካርታ ሞት። ከአባት ወይም ከአያት የቀረ ቤት ሊሸጥ፣ ሊከፈል ወይም ለልማት ሊነሣ ሲል የሚከሰት ነው። ባሕሪው ወረርሽኛዊ ነው፤ ቀያሾች አንድ ሰፈር ሲገቡ ከ20 እና ከ30 ዓመት በፊት የተቀበሩ አያቶች በአንድ ሳምንት ተከታትለው ይሞታሉ።

ለ. የባንክ ሞት። ፍራሽ ሲገለበጥ ያልታወቀ የቁጠባ ደብተር ሲገኝ። ብዙ ጊዜ ከደብተሩ ጋር ያልታወቀ ልጅም ይገኛል፤ ግን ይህ ከጥናቱ ወሰን ውጪ ነው።

ሐ. የጡረታ ሞት። ባለቤትየዋ የተተኪ ጡረታ ልታስከብር የምታስመዘግበው። ሐሜት የማያስከትለው ብቸኛው ምድብ።

መ. የውጭ አገር ሞት። ዋሽንግተን ወይም ቤይሩት ያለች ልጅ ከሥራ ፈቃድ ስትጠይቅ አሠሪዋ «አባትሽ ለመሞታቸው ማስረጃ አምጪ» ሲላት። ይህ ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ ቢነሣ ጠያቂው ከሰው ተራ ይወጣ ነበር። ወረቀቱ ይተረጎማል፣ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፤ እዚያ ሲደርስ ልጅቷ ሥራ ለውጣለች።

ሠ. የውክልና ሞት፤ ይህ በትክክል ሲነገር ያለመሞት ዓይነት ነው። በሕጋችን ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይሞታል። ስለዚህ የሟችን ውክልና በኪሱ የያዘ ወንድም ወይም ልጅ ሟቹን በመዝገብ ለማቆየት የሚያሳየው ትጋት ከየትኛውም ሐኪም ይበልጣል። ቀብር ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው፤ ወረዳ ያልደረሰውም እሱ ነው። ወቀሳ አይገባም፤ ለወንድሙ ዕድሜ መለመኑ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃዎች እንለፍ። መዝጋቢው ሰውየው ለመሞታቸው ማስረጃ ይፈልጋል። ሆስፒታል የሞቱ ከሆነ የሐኪም ወረቀት አላቸው። ችግሩ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፉ ነው፤ ወረቀቱን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ሟቹ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ እንደሚሞቱ ይረዳል፤ ገና ያልደረሰ ሞት ደግሞ አይመዘገብም። ቤታቸው የሞቱ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ የቀብር ማስረጃ ይሰጣል። ቤተ ክርስቲያን የፈታችው ግን በክርስትና ስማቸው ነው። በመታወቂያ ታደሰ፣ በፍትሐት ወልደ ገብርኤል፣ በሰፈር ጋሽ ታዴ የነበሩ ሰው እዚህ ላይ ወደ ሦስት ሟቾች ይከፈላሉ፤ መልሶ አንድ ለማድረግ ፍርድ ቤት መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ሁሉንም የሚያስታርቀው ሦስተኛው ማስረጃ ነው፤ የእድር ደብዳቤ።

ስለ እድር ደብዳቤ እስካሁን በቂ ጥናት አለመደረጉ የሚያሳፍር ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ መዋጮ በሚሰበሰብበት ጠዋት ነው፤ በሌላ ቀን የጠየቀ ሰው እሑድ እንዲመጣ ይነገረዋል። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ መምህር ወይም ጡረታ የወጡ የሻለቃ ጸሐፊ ናቸው። ማህተሙ በሰብሳቢው እጅ፣ ቲተሩ በጸሐፊው እጅ ይቀመጣል፤ አንዱ ያለ ሌላው ሰው መግደል እንዳይችል ነው።

ደብዳቤው ሦስት ዓይነት ነው። አጭሩ «የእድራችን አባል የነበሩት በተጠቀሰው ቀን አርፈዋል» ብሎ ይቆማል፤ የሚጽፉት ወታደር የነበሩት ናቸው። መካከለኛው ሟች ስንት ልጅ እንደተዉ ይጨምራል። ረጅሙን የሚጽፉት መምህር የነበሩት ናቸው፤ ሟች በየትኛው ዘመን ወደ ሰፈሩ እንደመጡ፣ የጋራውን ቧንቧ ለማስገባት እንዴት እንደደከሙ፣ በጸባያቸው እንዴት እንደነበሩ ይዘረዝርና የሞቱበትን ቀን በሁለተኛው ገጽ፣ ከሰላምታ ጋር ከሚለው በላይ ያስገባዋል። የወረዳው መዝጋቢ ቀኑን ፍለጋ ይህን ሲያነብ ደጋግሞ ዓይኑን ሲጠርግ ታይቷል። ምክንያቱ አቧራ ነው ተብሏል።

ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ጸሐፊው ጥቁሩን መዝገብ ያወጣሉ። የሟች መዋጮ ይታያል፤ ሟች ሁልጊዜ ከፍለው ጨርሰዋል። ከዚያ የአመልካቹ መዋጮ ይታያል። «ልጄ፣ የሦስት ወር ውዝፍ አለብህ» ይላሉ፤ ይህ ሳይከፈል የአባቱ ሞት አይጸድቅም። ቀብር የቀረበትም ካለ እዚያው ይገኛል፤ የእድር መዝገብ ማን እንደሞተ ብቻ ሳይሆን ማን ቀብር እንዳልወጣ፣ ስንት እንደተቀጣ ጭምር የሚይዝ ነው። ይህን ትጋት በሌላ የአገሪቱ መዝገብ አላየሁም።

የሞቱ ቀን ሲያከራክርም ፍርዱ እዚሁ ነው። ሰውየው ሌሊት ሞተዋል፤ ሚስት «ሰኞ ማታ» ትላለች፣ ልጅ «ማክሰኞ» ይላል፣ አክስት «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብላ ሁለቱንም ታስታርቃለች። ቅጹ ግን ለአጥቢያ የሚሆን ሳጥን የለውም። ጸሐፊው ወደ ንብረት ክፍሉ ደብተር ይዞራሉ። ድንኳኑ ከመጋዘን የወጣው ማክሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ተከትለው፤ ሰሃን የተመለሰው ዓርብ፣ ሦስት ተሰብሮ። ስለዚህ ሰውየው ሰኞ ሌሊት ሞተዋል። የሴቶቹ እድር ደብተር ከተጠየቀ ግን ሊጡ ለማክሰኞ እንጀራ የተቦካው እሑድ ነው ይላል። ይህን የሚያስረዳ ሰው አልተገኘም፤ ሴቶቹ ሕመምተኛውን ሊጠይቁ ገብተው ፊታቸውን አይተው ኖሯል።

ቀልድ የሚመስለው ካለ፣ በ1993 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ኤድስ ምን ያህል ሰው እየገደለ እንደሆነ ሊቆጥሩ ሲነሡ የሄዱት ወደ መቃብር ቦታዎች ነበር። በየመቃብሩ የተመደቡ ጸሐፊዎች ቀብር በመጣ ቁጥር መዘገቡ፤ የከተማዋ የሞት ስሌት ከዚያ ተገኘ። ይህን ሥራ ከቢሮ መሥራት አይቻልም ነበር፤ ቢሮው ማንም እንደሞተ አልሰማም።

ከዚህ በኋላ ጥናቱ ስለ ምስክሮች፣ ስለ ጉርድ ፎቶ፣ ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቱና ከበሩ አጠገብ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ስለሚጽፉት ሰው ሌሎች አሥራ አንድ ምድቦች አዘጋጅቶ ነበር። የምደባው ወረቀት ለኮፒ ተሰጥቶ አልተመለሰም፤ በድጋሚ የመጻፍ ፍላጎትም የለም። በእነሱ ፈንታ ጥቂት ምክር ይበቃል፦ ባለጉዳዩ የሟችን መታወቂያ ይዞ ይሂድ፤ ይመልሰዋል እንጂ ይዞ አይወጣም። መታወቂያው ጊዜው አልፎበት ከሆነ «ሟች ለምን አላሳደሱም?» ቢባል አይከራከር። ምስክር ወረቀቱን ሲቀበል ስሙን ፊደል በፊደል እዚያው መስኮቱ ላይ ያንብብ፤ ኃ በሃ ተለውጦ የገባ ሟች ፍርድ ቤት የሚያውቀው ሟች አይደለም። ወራሽነት ሊያሳውጅ ሲሄድም ምስክሮችን አይርሳ፤ ወረቀቱ ሰውየው መሞታቸውን ቢናገርም ልጃቸው ማን እንደሆነ የሚናገሩት እነዚያው የእድር ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው ኮታቸውን ለብሰው በሰዓቱ ይመጣሉ። አበል አይጠይቁም። የሚጠይቁት ችሎቱ ሲያበቃ፣ ደረጃው ላይ፣ ጥቁሩን መዝገብ ከብብታቸው አውጥተው ነው፦ «እንግዲህ የሚቀጥለው ወር መዋጮ በአንተ ስም ይሁን፣ ወይስ በአባትህ ስም ይቀጥል?»