የዲፍራግ ተመልካቾች፦ ዳሰሳዊ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

የተንቀራፈፈ ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሦስት የሕክምና ወገኖች ይገኛሉ። አንደኛው ወገን «ፎርማት ይደረግ» ይላል፤ ሁለተኛው ዴስክቶፑን በቀኝ ክሊክ እየነካ «ሪፍሬሽ» ያዘንባል፤ ሦስተኛው ዲፍራግ ያደርጋል። ፎርማት አድራጊው በሽታውን ከነበሽተኛው ያጠፋል። ሪፍሬሽ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ምልክቶች እንደገና ከማሳየት በቀር ፍጥነት የማይጨምር መሆኑ የተከታዮቹን ጽናት አልቀነሰውም። ይህ ጥናት የሚመለከተው ሦስተኛውን ወገን ነው።

በሽታው ምናባዊ አይደለም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ዝርግ ሳህኖች ይሽከረከራሉ፤ የተለመደው የዴስክቶፕ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል። በላያቸው ክንድ ወዲያ ወዲህ እያለ ያነባል፣ ይጽፋል። ዊንዶውስ ፋይልን በተለምዶ በ4 ኪሎባይት ቁራጭ እየከፈለ ያስቀምጣል፤ ተከታታይ ቦታ ካጣ ባዶ ባገኘበት ሁሉ ይሸጉጠዋል። አምስት ሆኖ ሚኒባስ የተሳፈረ ቤተሰብ ማለት ነው፦ አባት ጋቢና፣ እናት መሐል፣ ልጆች ከኋላ፤ ረዳቱ የማን ሒሳብ ከማን ጋር እንደሆነ ለማወቅ አንገቱን ሲያዞር ይውላል።

ክንዱ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ለመድረስ 9 ሚሊሰከንድ፣ ሳህኑ ዞሮ እስኪመጣለት ደግሞ በአማካይ 4 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እናም 1,000 ቦታ የተበተነ ሪፖርት ለመክፈት በፍለጋ ብቻ 13 ሰከንድ ይባክናል። ዲፍራግ የተበተኑትን ቁራጮች ሰብስቦ ጎን ለጎን የማስቀመጥ ሥራ ነው። አራት ሰዓት የፈጀ ዲፍራግ በዚህ ሪፖርት ብቻ ወጪውን እንዲመልስ ከተፈለገ ሪፖርቱ 1,100 ጊዜ ገደማ መከፈት አለበት። ኃላፊው እስኪፈርሙበት ድረስ ሪፖርት ስንቴ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው በቁጥሩ አይደነግጥም።

የጥናቱ ዘዴና ወሰን

ጥናቱ የተሳትፎ ምልከታን ተጠቅሟል። ይኸውም አጥኚው ዲፍራግ ከሚመለከት ሰው አጠገብ ወንበር ስቦ አብሮ ተመልክቷል። ዲፍራግ በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኤምኤስ ዶስ 6 ጋር መጥቶ የነበረ ቢሆንም፣ ወሰኑ የመመልከቱ ሥርዓት ባበበበት በዊንዶውስ 98ና በኤክስፒ ዘመን ተገድቧል።

ግኝቶች

አንደኛ፣ ዲፍራግ በዓይን የሚታይ ብቸኛው ጥገና ነው። በኤክስፒ ስክሪን ላይ ሁለት ረዣዥም መስመሮች ተጋድመዋል፤ የላይኛው ከጥገናው በፊት፣ የታችኛው ከጥገናው በኋላ። ቀዩ የተበታተነው፣ ሰማያዊው የተሰበሰበው፣ ነጩ ባዶው ነው። አረንጓዴው «የማይንቀሳቀስ ፋይል» ይባላል። ፕሮግራሙ ዙሪያውን ያሉትን ሁሉ ያፈናቅላል፤ እሱን ግን አይነካውም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሠራ አንባቢ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ዲፍራግ ሥራ መፍታትን ሕጋዊ ያደርጋል። በዊንዶውስ 98 ሌላ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ አንዳች ነገር ከጻፈ ዲፍራጉ ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ጭኑ ላይ ያሳርፋል። የሚከተለው ውይይት በተለያየ ቅጂ ተመዝግቧል፦

«ያ ደብዳቤ ደረሰ?»

«ጋሼ፣ ዲፍራግ ላይ ነው። 3 በመቶ ደርሷል።»

«እንዳታቋርጠው!»

ኃላፊው ይህን ካሉ በኋላ ቆመው ጥቂት ይመለከታሉ። አንዳንዶቹ ይቀመጣሉ።

ሦስተኛ፣ የኤክስፒ ዲፍራግ በደንብ ለመሥራት ከዲስኩ 15 በመቶ ባዶ ቦታ ይሻል። ይህ ቅድመ ሁኔታ ከሠርግ ቪዲዮ ጋር ይጋጫል። የሠርግ ቪዲዮ ማጥፋት የማይታሰብ በመሆኑ ባለቤቱ ከ«ማይ ዶኩመንትስ» አውጥቶ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዴስክቶፑም ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ቦታ አልተገኘም፤ ጥረት ግን ተደርጓል።

የጥናቱ ውስንነት

ብዙዎቹ ምልከታዎች የተጠናቀቁት በመብራት መጥፋት ነው። ዩፒኤሱ ይጮኻል፤ ተመልካቹም ከዘመድ ሞት ባልተናነሰ ድምፅ «ወይኔ!» ይላል። ኤክስፒ እያንዳንዱን ቁራጭ አዲሱ ቦታ ላይ ከቀዳ በኋላ ነው የአሮጌውን አድራሻ የሚቀይረው፤ በመሆኑም ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ይህንን ለተመልካቹ መንገር ግን አላጽናናውም።

የሥርዓቱ መክሰም

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ባለቀለሙን ሥዕል ከስክሪኑ አነሣው፤ ሥራውንም ፕሮግራሙ ራሱ ረቡዕ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እንዲሠራው ወሰነ። በዚያ ሰዓት የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሶኬት ተነቅሎ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠ መሆኑን የነገረው ሰው የለም።

ሁለተኛው ምት ኤስኤስዲ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሳህንም ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድም የለውም፤ የተበተነውንም የተሰበሰበውንም የሚያነብበት ፍጥነት እምብዛም አይለያይም። ከዚህም በላይ መረጃ የሚይዙት ክፍሎቹ ላይ መጻፍ የሚቻለው ለተወሰነ ዙር ብቻ በመሆኑ ዲፍራግ ዕድሜውን ያለ ጥቅም ይበላዋል። ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 የመሣሪያውን ስም ቀይሮ፣ ለኤስኤስዲ በዋናነት የተሰረዘው ቦታ የትኛው እንደሆነ ማሳወቅን መደበለት። የቀድሞ ተከታዮች ግን ከኢንተርኔት የዲፍራግ ፕሮግራም አውርደው ኤስኤስዲያቸውን ዛሬም ይዲፍራጋሉ። ኮምፒውተሩ እንደፈጠነ ይመሰክራሉ።

የመፍትሔ ሐሳቦች

1. ሳህን ያለው ዲስክ የያዘ ሰው ኮምፒውተሩን አብርቶ ይተወው፤ ዊንዶውስ በየሳምንቱ ራሱ ያስተካክለዋል። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ ቪዲዮውን ወደ ሌላ ዲስክ ያዛውር።

2. ኤስኤስዲ የያዘ ሰው እጁን ይሰብስብ።

3. ለሠራተኛው የጠፋበት የዕረፍት መብት ካሣ ይገባዋል። ስለሆነም ባለድርሻ አካላት አንድም ፋይል ሳይነካ ባለቀለም ሳጥኖችን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም እንዲያሠሩ ይመከራል። ፕሮግራሙ 99 በመቶ ላይ መቆም ይኖርበታል፤ 100 ከደረሰ ደብዳቤው ይጠየቃል።