ሰው ጨምሩ ስንል ካርታ ሰጡን

ወይ ዘንድሮ! በመርከብ ላይ ስለሚቆም ዋርድያ የተጻፈው ጥናት በዝቶ በዝቶ፣ አሁን ደግሞ ጥናቱ ራሱ ይጠናል። ካርታም ይነሣል። የልጅ ልጄ «አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ በኮምፒውተር አሳየኝ። መነጽሬን አድርጌ ባይ ወደብ የለው፣ ዓለት የለው፣ ጥልቀት የለው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክብ ብቻ! ሆላንድ ውስጥ ላይደን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ቮስቪወር የሚሉት ፕሮግራም፣ ከየጥናቱ ቃላት ይለቅምና አብረው የሚነሱትን በክር ያያይዛቸዋል። ትልቁ ክብ «ድካም» ይላል። ከጎኑ «እንቅልፍ»፣ ወረድ ብሎ «የሰው ስህተት»።

ለዚህ ኮምፒውተር ምን አስፈለገ? ከሌሊቱ ስድስት እስከ አሥር ሰዓት ቀይ ባሕር ላይ ዋርድያ የቆመ ሁለተኛ መኮንን ፈልጋችሁ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጋብዙት፤ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። እኔም ስንቴ ተናግሬያለሁ፤ ሰሚ ጠፋ እንጂ።

ሁሉም ከንቱ ነው አልልም። የአውሮፓ ተመራማሪዎች ሆራይዘን ባሉት ጥናት መኮንኖችን ሲሙሌተር ላይ አስቀምጠው ፈተኗቸው። ስድስት ሰዓት ሠርቶ ስድስት የሚያርፈው፣ አራት ሠርቶ ስምንት ከሚያርፈው ይልቅ ይዝላል፤ አንዳንዱንም እዚያው ዋርድያው ላይ እንቅልፍ ጣለው። እሰይ! ጥናቱ በ2012 እ.ኤ.አ. አለቀ። ትንንሾቹ መርከቦች ላይ ግን ዛሬም ካፒቴኑና አንድ መኮንን ስድስት በስድስት ይፈራረቃሉ።

ሕግማ ሞልቷል። በ2010 እ.ኤ.አ. ማኒላ ላይ የተሻሻለው የባሕረኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት ያዛል። የዕረፍት ሰዓት መዝገቡን ካያችሁት ባሕረኛ ሁሉ እንደ አራስ ልጅ ሲተኛ ነው የሚውለው! በዚያው ዓመት ሼን ኔንግ 1 የምትባል የቻይና ከሰል ጫኝ መርከብ አውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ ወጣች። ዋና መኮንኑ ከአደጋው በፊት በነበረው 38 ሰዓት ተኩል ውስጥ የተኛው 2 ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር።

መድኃኒት ብለው ያመጡት ደግሞ ደወል ነው። በየ3 ወይም ቢበዛ በየ12 ደቂቃው ነቅተህ እንደሆነ ይፈትሻል። ቁልፉን ካልተጫንክ መጀመሪያ መብራት ያበራብሃል፣ ቀጥሎ ይጮኽብሃል፣ አሁንም ዝም ካልክ ካፒቴኑን ወይም ሌላ መኮንን ከአልጋው ያስነሣል። ድሮ አንድ ሰው ነበር እንቅልፍ የሚያጣው፤ በሥልጣኔ ሁለት ሆንን።

ምሁራን ሆይ፣ በየጽሑፋችሁ ግርጌ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ማለት ትወዳላችሁ። እባካችሁ አንድ ጊዜ እንኳ «ተጨማሪ መኮንን ያስፈልጋል» ብላችሁ ጻፉና ለባለ መርከቦቹ ላኩላቸው።