ተቀበል!

ካዛንቺስ ፈረሰ እያላችሁ ለምታዝኑ የአዲስ አበባ ወዳጆቻችን ከላስታ ማጽናኛ ልከናል። እኛ ዘንድ ትልቁ ሥራ የተሠራው በመቀነስ ነው። ንጉሥ ላሊበላ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልደረበም፤ ከአለቱ የማይፈለገውን እያነሣ ጣለ፣ የተረፈው 11 ቤተ መቅደስ ሆነ። የዛሬዎቹም ጠራቢዎች የማይፈለገውን እያነሡ ነው። የሚተርፈውን በትዕግሥት እንጠብቃለን።

ሰው ቀን የጠረበውን መላእክት ሌሊት ይቀጥሉት ነበር ይባላል። ካዛንቺስን ያነሣው ኮሪደር ልማትም ሌት ተቀን 24 ሰዓት ነው የሚሠራው። የሌሊቱን ተራ እነማን እንደያዙት የሚጠይቅ የለም፤ ማታ የነበረ ቤት ጧት ከሌለ፣ ተአምር ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

ከካዛንቺስ ከተነሡት አንዱ ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ነው። መላኩ በላይ በወጣትነቱ ለሽልማት እየጨፈረ፣ እዚያው እያደረ ዓመታት የገፋበት ቤት ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ራሱ ተረከበው። ኢትዮከለር የሚባል ባንድ አቋቁሞ እስክስታውን ከማሲንቆና ከከበሮ ጋር ባሕር አሻገረ፤ ፈረንሳዮች በኪነ ጥበብ ኒሻን ሸለሙት። ግድግዳው ላይ ሥዕል ሰቀለ፣ ጃዝ አስገባ። በሰፈሩ የነበሩት አዝማሪ ቤቶች አንድ በአንድ ሲሄዱ እሱ ቀረ። ጥፋቱን ልብ በሉ፤ ሁሉም ሲሄድ መቅረት ምን የሚሉት ጠባይ ነው? በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጎረቤት ዕቃውን እየጫነ ሲወጣ እሱ ገና ዘፈን ላይ ነበር። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ ተራው ደረሰና ጠባዩ ታረመ።

አንድ ምክር ግን ሳንለግስ አናልፍም። ከቤተ መቅደሶቻችን በላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የብረት መጠለያ ሲተከል «ጊዜያዊ ነው» ተባልን። ጊዜያዊው ይኸው ቆሟል። ፈንዲቃንም ገና ከጅምሩ «ጊዜያዊ» ብላችሁ አስመዝግባችሁት ቢሆን ለልጅ ልጅ ይተርፍ ነበር።

የላሊበላ አዝማሪስ? ተመስገን ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ላሊበላን ጨምሮ በስድስት የአማራ ክልል ከተሞች የታወጀው ሰዓት እላፊ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነበር። የጠጅ ቤት ማሲንቆም የሚቃኘው ወደ 1 ሰዓት ግድም ነው፤ መንግሥትና አዝማሪ በቀጠሮ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። ብርሌ አስቀድቶ ብር ግንባር ላይ የሚለጥፈው ቱሪስትማ መጀመሪያ በኮቪድ፣ ቀጥሎ በጦርነቱ ተሰናብቷል። ዶሮ ሲጮኽ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች ደግሞ «ካላዜምን ቁምጥና ይይዘናል» ይላሉ። ከ12 ሰዓት በፊት ቢያዜሙ የሚይዛቸውን ግን አያቶቻቸው አልነገሯቸውም።

ማሲንቆ ያነሣ ካለ እንግዲህ፣ ተቀበል!

ጌታዬ ይውጡበት፣ መንገዱ አማረ፣
ከቤቶቹ መሀል ፈረሱ ነው የቀረ።

ድገም፣ ተቀበል!

መንደር ነበር ድሮ፣ መንገድ ሆነ ዛሬ፣
ማለፊያ ነው እንጂ ምን አለው አገሬ።

ስንኙ ስለ ፈረስና ስለ መንገድ ነው። ሌላ ነገር የሰማ ጆሮውን ይክሰስ።