ቂሜን ከጊፋታ በፊት

ወላይታ ውስጥ ቂም ቋጥሮ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። የዘመን መለወጫችን ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውለው እሑድ ይከበራል፤ ከዚያ በፊት የተጣላ ይታረቃል፣ ዕዳ ያለበት ይከፍላል፣ ሆዱ የሻከረ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይናገራል። የኔ ችግር ሽማግሌው ራሴ መሆኔ ነው። የተጣላሁት ከአንድ ሰው ጋር ቢሆን እንዴት ደግ ነበር፤ እኔ የተቀየምኩት ባጃጁን፣ ስልኩን፣ ሞንታርቦውን፣ በአጠቃላይ የሶዶን ከተማ ነው። ከተማ ሙሉ ሰው አስቀምጦ የሚያስታርቅ ዳኛ የለምና ቂሜን እዚሁ ላራግፈው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ።

ባጃጁ ይቅደም፤ እሱ መቼም ሳይቀድም አያውቅም።

ባለፈው ሰሞን ከሶዶው መርካቶ ወደ መናኸሪያ ልሄድ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። የዳሞታ ተራራ ጉሙን ተከናንቧል፣ ካፊያው ጀምሯል፣ በእጄ የመድኃኒት ፌስታል አንጠልጥያለሁ። አንድ ባጃጅ መጣና አጠገቤ ያለችውን ኩሬ እንዳለች ሱሪዬ ላይ ገልብጦ ቆመ። ልብ በሉ፣ ቆመ፤ ስለዚህ አመሰገንኩት። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ግባ!» አለኝ። እኔ የወለድኳቸው ልጆች የሚታወቁ ናቸው፤ አንዳቸውም ባጃጅ አይነዱም። «ግባ» ማለቱስ? አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትንሽ የሚበልጠውን ወንድሙን እንኳ «አንተ» ሳይለው ነው የሞተው።

ከኋላ ሦስት ጎረምሶች ተቀምጠዋል። አንዱ ጆሮው ውስጥ ሽቦ ወትፏል። ሁለተኛው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ለብቻው ይስቃል። ሦስተኛው ቀና ብሎ አየኝ፤ አየኝና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እንዲህ በቅጽበት የሚያስተኛ መድኃኒት ቢኖር ፌስታሌ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰጥቼ እገዛው ነበር። እኔ ሽበቴን ይዤ ከሾፌሩ ጎን፣ ግማሽ መቀመጫዬ ባጃጁ ላይ፣ ግማሹ ከተማው ላይ ሆኖ ተጓዝኩ። ስወርድ «ዝርዝር የለኝም ፋዘር» ብሎ መልሴን ይዞ ሄደ። ሌሊቱን የቤንዚን ሰልፍ ላይ ያደረ ልጅ መሆኑን ስለማውቅ ብዙ አልፈርድበትም። ኩሬዋን ግን ቤንዚን አላስወደዳትም፤ እሷን ቢተውልኝ ምን ነበረበት?

እኛ ልጆች ሳለን ትልቅ ሰው ወደ ቤት ሲዘልቅ ቤቱ በሙሉ ብድግ ይል ነበር። «ኖር!» ይባላል፤ ገቢው «በእግዜር!» ይላል፤ ከዚያ የ«ይቀመጡ» «አልቀመጥም» ክርክር ይከፈታል። እውነቱን ለመናገር አድካሚ ነበር። በ1960ዎቹ የወላይታ እርሻ ልማት፣ አገሬው በአጭሩ «ዋዱ» የሚለው፣ በዓለም ባንክ ገንዘብ መንገድ ሲጠርግና ማዳበሪያ ሲያከፋፍል እኔ ለጋ ተላላኪ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ሁለት የተከበሩ ሰዎች የቢሮ በር ላይ ተገናኙ። «ይቅደሙ።» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።» «በሞቴ!» «እኔ ልሙት፣ አይሆንም!» ከኋላቸው አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ወረቀቱን ታቅፎ ቆሟል። መጀመሪያ ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ ጣሪያውን አየ፣ በመጨረሻ ዞሮ በመስኮት ገባ። ሁለቱ ገና እየተማማሉ ነበር። ዛሬ በር ላይ የሚቀበለኝ ክርን ነው፤ ክርን ደግሞ አይምልም።

ሰላምታችንም እንደዚያው ረጅም ነበር። «ሳሮ» ብሎ የጀመረ ሰው በልጆች በኩል ዞሮ፣ ከብቱን አዳርሶ፣ እንሰቱን ጠይቆ፣ የታመመችውን አክስት ሳይረሳ ነው የሚያበቃው። ገበያ ደርሶ ለመመለስ እኩሌታው ጊዜ የሚያልቀው በእግር ጉዞው ሳይሆን በሰላምታው ነበር። ግን ሥራ ነበረው። ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደጠፋች፣ ማን እህል እንዳነሰው የሚታወቀው በዚያ ነው። ዛሬ ልጆቹ አውራ ጣታቸውን ያሳዩኛል። አውራ ጣት አክስቴን አይጠይቅም።

አንድ ነገር ልናዘዝ ብል አብሮ አደጎቼ ይቆጣሉ፤ ቢሆንም እላለሁ። የዚያን ዘመን ጨዋነታችን እኩሌታው ፍርሃት ነበር። ሶዶ ትንሽ ነበረች። መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ሳትሰላም ካለፍክ ወሬው ከአንተ ቀድሞ ቤት ይደርሳል፤ አባትህ በሩ ላይ ይጠብቅሃል። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከፖሊስ ፊሽካ ይበልጥ ያስደነግጥ ነበር፤ የጠየቀህ ሰው ራሱ ሊገርፍህ መብት አለው፣ አባትህም በኋላ ያመሰግነዋል። አሁን ያንን የሚጠይቅ ማነው? በ1999 ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ከአገሪቱ ማዕዘን ሁሉ ተማሪ መጣ። በ2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማችን መቀመጫ ሆነች፤ ባለሥልጣኑም፣ ባለጉዳዩም፣ ቤት አከራዩም፣ ደላላውም ተከትሎ ገባ። እሰየው፣ ከተማ በሰው ነው የሚያድገው። ነገር ግን ያን በባጃጅ ውስጥ በድንገት ያንቀላፋውን ጎረምሳ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከሶዶ እስከ ቦዲቲ ብትፈልጉ አታገኙም፤ ልጁም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለዚህ ነው እንቅልፉ የሚጥመው።

ፍርሃት ነበር ካልክ ምን ያስለቅስሃል የሚለኝ ይኖራል። ወገቤ ነዋ! በፍርሃት የተለቀቀ ወንበርም ወንበር ነው፤ ወገብ ልዩነቱን አያውቅም።

ደግሞ ሳያውቁ መዋደድ የማይቻል እንዳይመስላችሁ። በ2010 ወላይታ ድቻ ካይሮ ሄዶ ዛማሌክን ያህል ክለብ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብት፣ የማላውቀው ልጅ መንገድ መሀል ብድግ አድርጎ አዞረኝ። ማንም የማን ልጅ ነህ አላለውም። እኔም «ቀስ በል፣ ወገቤን» ከማለት በቀር አልተቆጣሁትም። ችግሩ ዛማሌክን በየሳምንቱ ማሸነፍ አይቻልም።

ወደ ጡረታ ሰልፍ ልለፍ። የትኛው ባንክ እንደሆነ ይቅር፤ ሁሉም ጋ ያው ነው። ተሰልፌ ሳለሁ አንድ ደልደል ያለ ሰው ኮፍያውን አውልቆ፣ ትከሻውን ሰብሮ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ። «ጋሼ! እንዴት ነዎት? ቤተሰብ ደኅና? ልጆች? የልጅ ልጆች? ጤናዎስ? ያ ጉልበትዎ ተሻለዎት?» አንጀቴ ራሰ። ሙሉ ሰላምታ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! እኔም የአባቶቼን ወግ ሳላጎድል መለስኩ፤ ልጆቹን ጠየቅኩ፣ ከብቱን ጠየቅኩ፣ ዝናቡን አመሰገንኩ፣ መረቅኩት። «አሜን» ብሎ ቀና ሲል ከፊቴ ቆሟል። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች አጉረመረሙ፤ እሱም ዞር ብሎ «ከጋሼ ጋር ነኝ» አላቸው። በከተማው ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ጨዋ ሰው ሌባ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ጊዜ ነው አዲስ አበባ ትዝ ያለችኝ። ስድ ከተማ እያልን ስንት ዓመት አማናት! ልጄን ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ማታ ላይ የታክሲ ሰልፍ አየሁ። ከአስፋልቱ ዳር ተነስቶ ሕንጻ ይዞራል፤ ሰው ዝም ብሎ በተራው ይራመዳል። ማንም ማንንም አይሰላምም፣ ማንም ማንንም አይቀድምም። እንግዲህ ምረጥ ብባል፣ የሚቀድመኝን ሰላምተኛ ወይስ የማይቀድመኝን ዝምተኛ? ጉልበቴ ባይታመም ኖሮ ሰላምተኛውን እመርጥ ነበር።

ትምህርት ቤት የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ። በጃንሆይ ዘመን ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ነበረን። ደርግ መጣና ግብረ ገቡ በፖለቲካ ተተካ፤ ኢሕአዴግ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አለው፤ አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ተመልሶ መጥቷል። የልጅ ልጄ ባለፈው 94 አምጥቶበታል። አንድ ቀን ከገበያ ሁለት እጄን ሞልቼ ስገባ ሶፋው ላይ እንደ ተጋደመ ያጠናል። ራሱን ሳያነሳ «አባባ፣ ‹ትልቅ ሰው ሲመጣ ምን እናደርጋለን?› ለሚለው መልሱ ‹ሀ› ነው አይደል? ከመቀመጫችን እንነሳለን?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። አመሰገነና አከበበው። እኔም ዱካ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ይኸን ሁሉ በልጆች ላይ ልከምር አልፈልግም። አዋቂውም ፊቱን ያዞረው በምክንያት ነው። ድሮ ጠዋት ጠዋት ሀይታ ቱኬ፣ ያ የቡና ቅጠል ከዝንጅብሉና ከቃሪያው ጋር የሚፈላው፣ በተራ ነበር የሚጠጣው። የዕለቱ ተረኛ ሲደርስላት ጎረቤት እንዲጠራ ልጇን ትልካለች፤ ያልተጠራ ጎረቤት ካለ ጠብ ነው። ዛሬ ሰፈሩ በቆርቆሮ አጥር ተከልሏል፣ በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ወር እያለፈው ሲዘገይ አይተናል። ደመወዙ ያልገባ ሰው ሰላም ሲልህ ያመነታል፤ «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» ማለት ሊመጣ ነዋ። ሰላምታውን ያሳጠረው ብልግና ብቻ አይደለም፤ ስኳሩም አለበት። ለጊፋታ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ለበሬው፣ ሴቶች ለቅቤው ይቆጥባሉ፤ ዕቁቡ ሲጎድል ቅርጫው ላይ የሚታየው መኮራረፍ ከዚያ ይመጣል። ይኸን አልቀየምም። የተቀየምኩት ያን ሥጋ ገና ሽማግሌ ሳይቀምሰው በስልክ የሚያነሳውን ነው።

ስልክ ካነሳሁ አይቀር አንድ የለቅሶ ነገር አለ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ አንድ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ አልቃሾቹን ከዳር እስከ ዳር ይቀርጻል። ደሜ ፈላ። በከዘራዬ ጎኑን ነካ አድርጌ «አንተ፣ ሰርግ መሰለህ?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ ስልኩን ወደኔ አዞረው። መስታወቱ ላይ አንድ ሰው፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ፣ ከሳሙና ካርቶን ተደግፎ፣ ራሱን ይዞ ያለቅሳል። የሟች ልጅ ነው። ወረቀት ስለሌለው ቢወጣ መመለሻ የለውም፤ አባቱን የሚቀብረው በዚያች መስታወት ነው። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ልጁን «ከፍ አድርገህ ያዘው፣ ሬሳው ሲወጣ እንዲያይ» አልኩት። ይህኛው ከቂሜ መዝገብ ተሰርዟል። በዚያው ድንኳን ጥግ ስልኩን አስጩኾ የኳስ ውጤት የሚያይ ሌላ ሰው ነበር፤ እሱ አልተሰረዘም።

የቀረው ሞንታርቦው ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ተመርቆ ድግስ ሆነ። ደስ ብሎኛል፤ ግን እኩለ ሌሊት አልፎም የቤቴ ቆርቆሮ ከሙዚቃው ጋር እኩል ይጨፍራል። የውሃ ብርጭቆዬ ጠረጴዛው ላይ ራሷን ችላ ወደ ጠርዝ ትሄዳለች። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ የምናገረውን መንገድ ላይ እያሰላሁ ሄድኩ። በሩን ስገባ ምን ሆነ መሰላችሁ? ጎረምሳው ሁሉ ብድግ! «ኖር! ኖር አባባ!» አንዱ ወንበር አመጣ፣ አንዱ እጄን አስታጠበኝ፣ ቁርጡ ከነዳጣው ከፊቴ ተደረደረ። ከነሱ መካከል፣ እምላለሁ፣ ያ የባጃጁ እንቅልፋም ነበረበት፤ ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ውሃ ቀዳልኝ። እንዲህ በተከበርኩበት ቤት እንዴት ብዬ ልቆጣ? ሙዚቃው ቆመና አንዱ ማይክራፎን እጄ ላይ አስቀመጠ። «አባባ ይመርቁልን!»

ዕድሉን አገኘሁ ብዬ «ልጆቼ፣ እባካችሁ ድምጹን ዝቅ አድርጉት» አልኩ።

«አሜን!» አለ ግቢው በአንድ ድምጽ።

«ሰው ይተኛበት።»

«አሜን!»

«ሕመምተኛ አለ፣ አራስ አለ፣ ሽማግሌ አለ።»

«አሜን! አሜን!»

እልል ተባለ። ሙዚቃው ከቀድሞው አንድ እጅ ጨምሮ ተለቀቀ፤ ለኔ ክብር መሆኑ ነው። ሁለት ልጆች በስልካቸው መብራት መንገዱን እያሳዩ፣ ክንዴን ደግፈው፣ ጭቃውን እያዞሩ ቤቴ ድረስ ሸኙኝ። «ደኅና ይደሩ አባባ» ብለው በሩን ራሳቸው ዘጉልኝ።

ጠዋት ማዶ ያለችው ጎረቤቴ አጥሯ ላይ ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ሌሊት የመረቁት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«እኔስ ድምጽዎን ለይቼዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሕፃኑ ገና ሸለብ ከማድረጉ ነው የቀሰቀሱብኝ። ሌላ ጊዜ ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት?»