ሌሊት የተከፈተ ፊልም

ጡረታዬን ጁባ፣ ጉዴሌ ተቀምጬ ልበላ የመጣሁ ሰው ነኝ። የእህቴ ልጅ ቀን በቦቴ ውሃ ያዞራል፣ ማታ ፊልም ይሠራል። ይሥራ! ስለ ቦቴ ሾፌሮች የሠራት የ20 ደቂቃ ፊልም አዲስ አበባ፣ ሲኒማ ቤት ልትታይ ነው ሲባል ደስ ብሎኝ ቡና አስፈላሁ። ደስታዬ ግን ቶናውን እንኳ አልጠበቀም። «ጋሼ፣ አሁን ዲሲፒ ማድረግ አለብኝ» አለኝ።

እኔ በዕድሜዬ ፊልም ሳሳይ የኖርኩ ነኝ። አንድ ፊልም ማለት አምስት ስድስት ጥቅልል ነው፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ግድም ይሄዳል። ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ይቆማል፤ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ነጥብ ብልጭ ስትል ሁለተኛውን ታስነሳለህ። ቢበጠስ በመቀስ ቆርጠህ ትለጥፋለህ፣ አዳራሹ በፉጨት ይናጋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። የጎደለችውን መሳሳም ተመልካቹ ራሱ ይሞላታል።

ዲሲፒ የሚሉት የሲኒማ ቤት ዲጂታል ጥቅል ግን መቀስ አያውቅም። በ2002 እ.ኤ.አ. ሰባት የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ማኅበር አቋቁመው ደንቡን በ2005 አወጡ፤ ይኸው ዛሬ ጉዴሌ ድረስ መጥቶ ናፍጣችንን ይጠጣል። በሰከንድ 25 ምስል የተቀረጸው ወደ 24 ይለወጥ ተባለ። 30,000 ምስል እንደዚያው ሆኖ ፊልሙ የ50 ሰከንድ ወለድ ወለደ፤ የሾፌሩም ድምፅ ትንሽ ወፈረ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ምስል ለየብቻ ሲጨምቅ፣ ጄኔሬተሩ ሲያጓራ፣ እኔ ስንገላበጥ ነጋ። ጠዋት ብመለከት የሰው ፊት ሁሉ ወባ የያዘው መስሏል። «ቀለሙ ለፕሮጀክተር ነው፣ እሱ ያስተካክለዋል» አለኝ። እኛ ቀለም የምናየው በዓይናችን ነበር።

የዲሲፒው ስምስ! ርዕሱ፣ ዓይነቱ፣ የስክሪኑ ቅርጽ፣ ቋንቋው፣ የትርጉም ጽሑፉ፣ ድምፁ፣ 2ኬ ይሁን 4ኬ፣ ቀኑ፣ ሁሉም ተያይዞ አንድ መስመር። እኔ እንኳ ስጠራ እስከ አያቴ ብቻ ነው።

የጁባ ኢንተርኔት ይህን ሁሉ አይሸከምም። ስለዚህ በሊኑክስ የተሰናዳ ዲስክ ላይ ተጭኖ፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ከማር ጋር በአደራ ተሰጠ። ማሩ መንገድ ላይ ቢጎድል ማንም አያውቅም፤ ከፊልሙ አንዲት ፊደል ብትዛባ ግን ማሽኑ ዝርዝሩን አመሳክሮ «አልቀበልም» ይላል። የጉምሩክ ሰው እንኳ ይለመናል።

ፊልሙ ደግሞ ተቆልፏል። የቆለፈው ሲኒማ ቤቱ እንዳይመስላችሁ፤ ልጁ ራሱ ነው። «የቦቴ ሾፌር ኑሮ ማን ይሰርቅሃል?» ብለው «ሥርዓቱ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ቁልፉ ብረት አይደለም፣ በኢሜል የሚላክ ጽሑፍ ነው። የሚከፍተው አንድን ማሽን ብቻ፣ ያውም ከተባለው ሰዓት እስከ ተባለው ሰዓት። ድሮ አዲስ አበቤ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ያ ሰይጣን ቢያንስ በሩ ክፍት ነበር።

የማሳያው ቀን ማታ ከአዲስ አበባ ተደወለ። ሰው ተቀምጧል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ማሽኑ «የቁልፉ ጊዜ አልፏል» ብሎ ድርቅ ብሏል። ልጁ አመድ መሰለ።

«ስንት ሰዓት ብለህ ጻፍክ?»

«ከ1 እስከ 4፣ ጋሼ። ማታ አንድ ሰዓት ነው የሚጀምረው ብለውኝ...»

«በማን አቆጣጠር?»

ዝም አለ። ማሽኑ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነዋ! ቁልፉ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተከፍቶ፣ ለባዶ ወንበር ሦስት ሰዓት ክፍት ሆኖ፣ 10 ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ምናልባት ዘበኛው ነቅቶ ከነበር...

አዲስ ቁልፍ እንሥራ ብለን ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥን። ጁባ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳ ከአዲስ አበባ ተለይታለች። እሱ በአንድ እጁ የሐበሻውን፣ በአንድ እጁ የፈረንጁን ይቆጥራል፤ እኔ የጁባውንና የአዲስ አበባውን ይዣለሁ። ጣት ሊያንሰን ሲል ጄኔሬተሩ ጠፋ።